ባለ ሁለት ሻኛዋ ግመል

በጎ ፈቃደኛ የሚባለውን ፍጡር እግዜር የሠራው ሰኞ ጠዋት፣ ገና እጁ ሳይፍታታ ይመስለኛል። ሰመራ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በስልኬ ለትንንሽ ነጋዴዎች የዲዛይን ውድድር የማዘጋጅ ጎልማሳ ነኝና አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። ለዚሁ ስልኬ ላይ የከፈትኩት ግሩፕ ውስጥ ያሉት ሰዓሊዎች በነጻ ይሠራሉ። በነጻ ስለሚሠሩም ማንም አይናገራቸውም። አንዱን «ፊደሏ ትንሽ አነሰች» ስለው አኩርፎ የፕሮፋይል ፎቶውን በሻማ ቀየረው፤ ሰው የሞተበት መስሎኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ያን ሰሞን አዋሽ ላይ የግመል ወተት የምትሸጥ አንዲት የአፋር ሴት ደወለችልኝ። እዚያ ስሠራ ደንበኛዋ ነበርኩ። ከመንገዱ ማዶ አንዱ ሰውዬ መብራት ያለው ታፔላ ሰቅሎ ሾፌሮቿን ጠራርጎ ወስዶባታል።

«ወላሂ ወንድሜ፣ ወተቱን ራሴ እየጠጣሁ ልፈነዳ ነው። በዚሁ ከቀጠለ ቤቱን እዘጋለሁ።»

የፈለገችው ግመል ያለበት ታፔላ ብቻ ነው። ውድድሩን አወጅኩ። አንዱ ላም ስሎ «ወተት ያው ወተት ነው» አለ። ሌላው ክብ ነገር አሥምሮ «ግመሏን በመንፈስ ነው ያየኋት» ሲል ጻፈ። ሦስተኛው ሁለት ሻኛ ያላት ግመል ላከ። ያሸነፈው እሱ ነው፤ አሸናፊ የሚለየው በላይክ ነዋ! የአክስቶቹ ልጆች ብቻ ቢሰለፉ ከገላፊ ድንበር መልካ ወረር ይደርሳሉ።

«ወዳጄ፣ የእኛ አገር ግመል ሻኛዋ አንድ ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ተጨማሪ እሴት ነው።»

ግሩፑ የልብ ምልክት አዘነበለት። እኔ ስከራከር ደግሞ ታፔላ የሚያትምልን በጎ ፈቃደኛ አትሞ ቁጭ! «ድገመው» ስለው «በነጻ ነው የምሠራው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ታፔላዋን ጭነት መኪና ላይ ስናስጭን አንድ የአፋር ሽማግሌ ቆመው አዩዋትና «ይቺ ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁ። ጫኚው፣ እንደ እኔ ከደጋ የመጣ ቀልደኛ፣ «የአዋሿ ወተት ሻጭ ግመል ናት» አላቸው።

አለቀ፤ ሽማግሌው ሴትዮዋ የእውነት ባለ ሁለት ሻኛ ግመል ያላት መስሏቸው ሄዱ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳያጓድሉ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ከእኛ ግሩፕ በምን ይለያል ቢባል፣ ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ያፍራል። መኪናችን ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ሲንፈራገጥ ወሬው ቀድሞን አዋሽ ገባ።

ስንደርስ የሴትዮዋን በር ዱላ የተመረኮዘ ሰው ሞልቶታል። አየችኝና ክንዴን ያዘች።

«አንተ ሰውዬ! ምንድን ነው ያመጣህብኝ? ከጠዋት ጀምሮ ግመልሽን አሳዪን እያሉ ያዋክቡኛል! ውሸታም ከተባልኩ ወተቴን ድመትም አይልሰው!»

ታፔላዋን አወረድኩ። አንዱ አዛውንት ጠጋ ብለው በዱላቸው ጫፍ መጀመሪያ አንዱን ሻኛ፣ ቀጥሎ ሌላውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ሱብሃነላህ! ማነው የሳላት?»

«ግመል አይቶ የማያውቅ ሰው» አልኩ።

«ታዲያ የሚጋልባት ሰው የት ይቀመጥ? ሸለቆው ውስጥ?»

ሳቁ እንኳን ሰዉን አህዮቹንም ያንበረከከ መሰለኝ። በዚያ ፀሐይ የሳቀ ሰው ይጠማዋል። ወተቱ ከቀትር በፊት አለቀ፤ ከማዶ ያለውም ባለ መብራት ሰውዬ መጥቶ አንድ ብርጭቆ ጠጣ። አዲሱ ዳጉ «ደደብ የሳላትን ግመል ሂዳችሁ እዩ» የሚል ሆነ። ዛሬ ከዲቾቶ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ እሷ ደጃፍ ያቆማል። ባለ አንድ ሻኛ ታፔላ ላሠራልሽ ብላት «ሞቼ ነው የማወርዳት!» አለችኝ።

በደወለች ቁጥር «ለሳለው ልጅ ምርቃቴን አድርስልኝ፣ አላህ እጁን ይባርክ» ትላለች። እስከ ዛሬ አላደረስኩም። አላደርስምም። እኔም በነጻ ነው የምሠራው።