ዝናብ ያለበት አገር

ኪቴሪያ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ ሰጥታለች። ያኔ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አይመርጥም ነበርና፣ ለዚያች ቀን ብላ ስሟን መጻፍ ተማረች። ያስተማረቻት የከተማችን መምህርት ሌኦካዲያ ናት፤ ከሽመናው ዕቃ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ፣ የኪቴሪያን እጅ በእጇ ይዛ። ኪቴሪያ ከግድግዳ ግድግዳ እየተወጠረ የሚተኛበትን የጥጥ መኝታ የምትሸምን ሴት ናት። ድርቅ በማይለቀው ክፍለ ሀገራችን በሴአራ ድሃ የሚወለደውም፣ የሚያገባውም፣ ወደ መቃብር የሚሄደውም በዚያው መኝታ ነው። ጣቶቿ ድርና ማግ ሲያገኙ ዐይን አይከተላቸውም፤ እርሳስ ሲይዙ ግን ድርቅ ይሉባታል።

ያን ሁሉ የደከመችው ወዳ አይደለም። በታላቁ ድርቅ ጊዜ መንግሥት የተራበው ሰው ወደ ዋናው ከተማ እንዳይገባ ብሎ መንገድ ላይ በሽቦ አጥሮ አስቀምጦት ነበር። እኛ “የመንግሥት በረት” እንለዋለን፤ ሌላ ስም አይገባውም። የኪቴሪያ ባል ኤውፍራዚዮ እዚያ ሞተ። ሁለት ትናንሽ ልጆቿም እዚያው ቀሩ። እሷ የስምንት ዓመት ልጇን የአንሴልሞን እጅ ይዛ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ያላት እሱ ብቻ ነው። ሌኦካዲያ “እነዚህን የመንግሥት ሰዎች የምታናግሪበት አንድ መንገድ አለሽ” ስትላት እሺ ያለችው ለዚህ ነው። መረጠች። የመረጠችው ሰውም አሸንፎ ምክር ቤት ገባ። ያን ቀን የምርጫው ሣጥን አጠገብ ትንሽ ቆማ፣ ወረቀቷ በእርግጥ ገብቶ እንደሆነ አጎንብሳ ማየቷን ሰዎች እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወራሉ።

ይህ ሁሉ ከሦስት ዓመት በላይ አልቆየም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በከተማው ብቸኛው ራዲዮ ያለው ባለሱቁ ቤላርሚኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ፕሬዚዳንቱ ናቸው የሚናገሩት። አገር ልትፈርስ ነበር አሉ፤ ኮሚኒስቶች ሊያርዱን ነበር አሉ፤ ስለዚህ ምክር ቤቱ ተዘግቷል፣ ምርጫው ቀርቷል፣ ሕገ መንግሥቱም በአዲስ ተተክቷል። ጥይት አልተተኮሰም። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ በርበሬ እየገዛ ነበር፤ ገዝቶ ሄደ።

“ሰማሽ ኪቴሪያ?” አለች ሌኦካዲያ። “አንቺ የመረጥሽውን ሰውዬ ወደ ቤቱ ሰደዱት። ከእንግዲህ የሚጠይቅሽ የለም።”

“ኧረ ተይ እትዬ ሌኦካዲያ” አለ ቤላርሚኖ ከባንኮኒው ጀርባ። “ስንመርጥ ዘንቦልን ነበር እንዴ?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኪቴሪያም ሳቀች፤ እውነቱን ለመናገር ቀልዱ ያስቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው ሌኦካዲያን ወሰዷት። ወዴት እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ በዚህ ነገር ዛሬም አንጀቴ ይቃጠላል፤ ሰፈሩ ሙሉ ልጆቹን ያስተማረችለት ሴት ናት። ግን በዚያ ዓመት ዝናቡ ደህና ነበር፣ ጥጡም ጥሩ ወጣ፤ ሆዱ የጠገበ ሰው ደግሞ ጆሮው ይደፈናል። ቤላርሚኖ የፕሬዚዳንቱን ሥዕል ከቅድስት ማርያም ጎን ሰቀለ። የገዛ ሰው ቅጂ ይሰጠዋል። ኪቴሪያም አንድ ወሰደች፤ ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበርና ሸፈነችበት።

ከዚያ አውሮፓ በጦርነት ነደደች። እኛን አልነካንም። መንግሥታችን ገለልተኛ ነኝ ብሎ ለጀርመኖቹም ለአሜሪካኖቹም ጥጥና ቆዳ ይሸጣል።

“ሰውዬው ሁለት ሚስት እንዳለው ወንድ ነው” ይል ነበር ቤላርሚኖ ስለ ፕሬዚዳንቱ። “ማክሰኞ እዚህ ይበላል፣ ረቡዕ እዚያ። ሁለቱም ያጎርሱታል።”

“ሁለቱ የተገናኙ ለታስ?” ብላ ጠየቀችው ፊሎ፣ የኪቴሪያ ጎረቤት።

“የተገናኙ ለታማ በሩን ከፍቶ መሮጥ ነው።”

ተገናኙ። የእኛ መርከቦች በጀርመኖቹ እየተመቱ ከነሰዎቻቸው በባሕር ውስጥ መስመጥ ጀመሩ፤ በዋናው ከተማ ሕዝቡ ወጥቶ ጀርመንና ጣሊያን ስም ያለውን ሱቅ ሁሉ ሰባበረ፤ በዚያው ወር አገራችን ከአሜሪካኖቹ ጎን ሆና ጦርነት ውስጥ ገባች። እነዚያን በየአገራቸው የተነሡትን አምባገነኖች፣ ምርጫ የሰረዘብን የራሳችን ሰው ሊወጋልን ተነሣ ማለት ነው። ይህን ያኔ ጮክ ብሎ የተናገረ አልነበረም። የምትናገረዋ ሴት ተወስዳለች።

በዚያው ዓመት ደግሞ ዝናቡ ቀረ። በመጋቢት በቅዱስ ዮሴፍ ቀን ካልዘነበ አይዘንብም፤ ይህን በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። አልዘነበም። ከብቱ መውደቅ ሲጀምር ካኪ የለበሰ መልማይ ትልቅ ሥዕል ይዞ መጣና ቤላርሚኖ ሱቅ በር ላይ ለጠፈው። ጃፓኖች የእስያን ጎማ ስለያዙ አሜሪካኖች ከእኛ ከአማዞን ጫካ ጎማ ይፈልጋሉ አለ። ቅርፊቱን በጥቶ የጎማ ዛፍ ወተት የሚያልብ ሰው ወታደር ነው አለ። ዕድሜው የደረሰ ወጣት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ባሕር ማዶ ጠመንጃ፣ ወይ ጫካ ጎማ።

ኪቴሪያ ሥዕሉ ፊት ቆማ ቀረች። ዛፉ አረንጓዴ ነው። መሬቱ አረንጓዴ ነው። ከበስተኋላ ያለው ወንዝ ዳርቻ የለውም።

“ወንድሜ” አለችው መልማዩን፣ “እዚያ ይዘንባል?”

“እትዬ፣ የማይዘንብበት ቀን የለም።”

“በየቀኑ?”

“በየቀኑ። ልብስ የሚደርቅበት ጊዜ ይጠፋል።”

“ወንዙስ? ምርት ሳይደርስ አይደርቅም?”

ሰውየው ከልቡ ሳቀ። “ወዲያ ማዶው አይታይም ነው የምልሽ!”

ኪቴሪያ ወደ ቤቷ ሄደች። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ውሃ በማጣት የቀበረች ሴት ምን ታስብ? ውሃ ሰው ይገድላል ብሎ በእኛ አገር ያሰበ የለም። የሚገድለን ፀሐይ ነው፤ የሚያድነን ዝናብ ነው። ስለ ወባ፣ ስለ ረግረጉ ትኩሳት፣ ጫካው ሰው እንዴት እንደሚውጥ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ቢነግራትም የሰነፍ ወሬ ነው ትል ነበር።

አንሴልሞ ወደ ማታ መጣ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ እንደ አባቱ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ።

“ባርኪኝ እማዬ።”

“እግዜር ይባርክህ። ምነው ፈገግ ብለሃል?”

“ከአብዲያስ ጋር ልመዘገብ ነው። ባሕር ማዶ።” አብዲያስ የፊሎ ልጅ ነው፤ አብረው ነው ያደጉት።

“ባሕር ማዶ ምን አለህ?”

“ቦት ጫማ ይሰጣሉ።”

“ጫካ ለሚሄደውም ጫማ ይሰጣሉ፤ ጠይቄያለሁ።”

“እማዬ፣ እሱ ነጠላ ጫማ ነው። ቦትና ነጠላ ጫማ አንድ ነው?”

“ጥይትና ዛፍስ አንድ ነው?”

ምግቡን ወዲያው አላቀረበችለትም። ከዚያ ባቄላውን በካሳቫ ዱቄት ለውሳ ሰጠችው።

“አንሴልሞ፣ ሦስት ቀብሬያለሁ። አራተኛ አልቀብርም። ዛፍ አይተኩስብህም። ውሃ አለ፣ ዓሣ አለ፣ መሬቱ የዘራኸውን ይሰጥሃል። ጦርነቱ ሲያልቅ እዚያ ቁራሽ መሬት ይዘህ እኔንም ትወስደኛለህ። እንዲህ ያለ አገር ከእኛ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?”

“አብዲያስ ፈሪ ይለኛል።”

“ይበልህ። በሕይወት ያለ ፈሪ ይሻለኛል።”

ሲበላ ቆየ። በመጨረሻ “እሺ” አለ። አንሴልሞ እናቱን እምቢ ብሎ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። ደጋግሜ የማስበው ይህን ነው፤ ትንሽ ባለጌ ቢሆን ኖሮ።

ከሃያ አንድ ዓመት በታች ስለሆነ ወላጅ መፈረም ነበረበት። ሌሎቹ እናቶች በአውራ ጣታቸው አተሙ። ኪቴሪያ እርሳሱን ይዛ ስሟን ጻፈች፤ ቀስ ብላ፣ አንዱንም ፊደል ሳትዘል። መልማዩ “ጎበዝ!” አላት፤ ደስም አላት።

መኪናው የሄደ ቀን ፊሎ አጥሩ ጋ ቆማ ታለቅስ ነበር። ፊሎ የአንሴልሞ ክርስትና እናት ናት፤ ሁለቱ ሴቶች “አበልጄ” ነው የሚባባሉት።

“አንቺ ተሳካልሽ አበልጄ” አለቻት። “የእኔው እንደ በቅሎ እምቢ አለኝ። ለፈረንጅ ጥይት ነው ያሳደግሁት።”

“አይዞሽ፤ ማርያም ታውቃለች” አለች ኪቴሪያ። በልቧ ግን አበልጄ ልጇን መምከር አቃታት ስትል አሰበች። ለፊሎ አዘነችላት። ለሁለት ዓመት ሙሉ አዘነችላት፤ ራዲዮው አብዲያስ ስለሚዋጋበት ስለ ኢጣሊያ ተራሮችና ስለ በረዶው ባወራ ቁጥር በገዛ እጇ ሾርባ ሠርታ ትወስድላት ነበር። ወደ ጫካ ስለሄዱት ልጆች ራዲዮው ምንም አይልም። ወሬ ከሌለ ደህና ናቸው ማለት ነው ትል ነበር ኪቴሪያ።

ጦርነቱ በግንቦት አለቀ። ደወል ተደወለ፣ ርችት ተተኮሰ። አብዲያስ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጣ፤ አንድ ጆሮው ደንቁሮ፣ ደረቱ ላይ ሜዳልያ አድርጎ፣ በቦት ጫማ። ሙዚቀኞች ከመንገድ ተቀበሉት። ፊሎ ፍየል አረደች፤ ቀኑን ሙሉ ስትጠብስና ስታቀርብ የዋለችው ግን ኪቴሪያ ናት። አብዲያስ ሲያያት ተነሥቶ ቆመ።

“አንሴልሞስ እትዬ?”

“መንገዱ ሩቅ ነው። በወንዝ ነው የሚመጡት። በዚህ ሳምንት ባይሆን በሚቀጥለው።”

ሳምንቱ አለፈ። ወሩ አለፈ። ፕሬዚዳንቱን የራሳቸው ጄኔራሎች አወረዷቸውና ቤላርሚኖ ሥዕሉን አነሣ፤ ምርጫም ተመለሰ። ኪቴሪያ ሥራ አለብኝ ብላ አልሄደችም። መኪና በመጣ ቁጥር ግን ሥራዋን ትታ ትወጣለች። መኪናው ቆሞ፣ ሰው ወርዶ፣ እንደገና እስኪሄድ ትቆማለች። ቤላርሚኖ ለማሾፍ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ውሃ አምጥቶ ይሰጣት ጀመር።

ጦርነቱ ባለቀ በዓመት ተኩሉ፣ በሌላ ድርቅ መግቢያ ላይ፣ ቢጫ የሆነ ሰው በእግሩ መጣ። ሆዱ አብጧል፣ እጁ ላይ ሥጋ የለም። ስሙ ፖርፊሪዮ ነው፤ ከእኛ በስተ ሰሜን ካለው መንደር በዚያው መልማይ የተወሰደ። ቤቷ ገብቶ ቁጭ አለ። ኪቴሪያ ፊቱን አይታ ሁሉን ዐወቀች፤ ቢሆንም ውሃ ሰጠችው፣ እስኪጠጣም ጠበቀችው።

“መቼ?” አለች።

“በሰኔ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ማግስት። ትኩሳት ነው። አጠገቡ ነበርኩ።”

“የዛሬ ሁለት ዓመት?”

“ዘንድሮ እትዬ።”

ዘንድሮ። ጣቶቿን ዘርግታ ወራቱን ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች።

“ጦርነቱ እኮ አልቆ ነበር” አለች። “ሲሞት ካለቀ ዓመት አልፎት ነበር።”

“እኛ ጋ አላለቀም ነበር። የጎማው ጫካ ጌታ አልነገረንም። እኔ ማለቁን የሰማሁት አምልጬ ማናውስ ከተማ ስደርስ ነው፤ ወደቡ ላይ አንዱን 'ማን እያሸነፈ ነው?' ብዬ ብጠይቀው እብድ መስዬው ሸሸኝ።”

“አንሴልሞ ለምን አብሮህ አላመለጠም?”

“ከመታመሙ በፊት ታንኳ አግኝተን ነበር። ከጦርነት የኮበለለ ይረሸናል ብለውን ነበርና፣ 'እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፣ እናቴ አራተኛ አትቀብርም' አለኝ። እሱን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም፤ እኔም ቀረሁ።”

ኪቴሪያ ብድግ አለች፤ የምትሄድበት ስላልነበራት መልሳ ተቀመጠች።

“እኔ ነኝ የላክሁት” አለች። “እሱ ከአብዲያስ ጋር ሊሄድ ነበር። አብዲያስ ያውና፣ ትናንት ልጅ ወለደ። እኔ ነኝ ለምኜ የላክሁት። ይህን ያነሣ ነበር? ይወቅሰኝ ነበር?”

ፖርፊሪዮ ባዶውን ጣሳ በእጁ አዟዟረው።

“ወቅሶሽ አያውቅም” አለ። “ትኩሳቱ ሲነሣበት እንኳ እኛን የሚያጽናናን እሱ ነበር። 'ጓደኛዬ አብዲያስ ይኸኔ ሞቷል' ይለን ነበር፤ 'እኔን ግን እናቴ አተረፈችኝ።'”

“እስከ መጨረሻው እንዲህ አለ?”

“እስከ መጨረሻው።”