ስሙ ያልታወቀ ውሻ

አያ ክንዴን እኔ ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። ሥራው የሰው ውሻ ማንሸራሸር ነበር። ሲያወሩት ያስቃል፤ ግን በአርባዎቹ መጨረሻ ጎንደር የመጡት ፈረንጆች ውሾቻቸውን ጧትና ማታ በሰንሰለት ይዞ አራዳን የሚያዞርላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። እሱም ከጭልጋ የመጣ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አልወድም። ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል? ሁለት ውሾች ነበሩት፤ ጌቶቻቸው አገራቸው ሲገቡ ባዶ እጁን ቀረ።

እኔ አባይነሽ የዚያን ጊዜ የመንገድ መሐንዲሱ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ማዳም፣ የመሐንዲሱ ሚስት፣ አዲስ ውሻ አገኘች። አዘዞ ጦር ሰፈር የነበረ መቶ አለቃ ወደ ኦጋዴን ሲዛወር ትቶላት የሄደው፣ ጥቁር፣ ሰው የማያስጠጋ ክፉ ውሻ። ስሙን ነግሯት ነበር አሉ፤ ለምላሷ ከበዳትና ወዲያው ረስታ «ሬክስ» አለችው። ውሻው ሬክስ ሲሉት ዞር ብሎም አያይ። ማዳም አያ ክንዴን አስጠርታ፣ እስከ እሑድ ካላለመደው ሌላ ሰው እንደምትቀጥር ነገረችው። ሚስቱ እማዋይሽ አልጋ ይዛለች፤ ከዚህ በቀር ሥራ የለውም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን አጠገቡም አልደረሰ። ራቅ ብሎ ጀርባውን ለውሻው ሰጥቶ ተቀምጦ ዋለ። ውሻው ሲያጉረመርም እሱ ጋቢውን ያስተካክላል። በማግሥቱ ዳቦ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሲያሞቅ ያረፍድና ይወረውርለት ጀመር። ላቡን እንዲለምድ ነው። አባቴም ውሻ ሲያለምድ እንዲህ ያደርግ ነበር። ውሻው ዳቦውን አሽትቶ ይበላል፤ ሰውየው አንድ እርምጃ ሲጠጋ ግን ጥርሱን ያሳየዋል።

ሐሙስ ጧት ሽንኩርት ስከትፍ ከወጥ ቤቱ መስኮት ውጭ «ይታየኛል!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መክተፌን ትቼ ጆሮዬን አቆምኩ። እውነቱን ልናገር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማዳም ስኳር አንድ ሲኒ ሙሉ ቋጥሬ ለእናቴ እወስድ ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ሆድ ይፍጀው!» አለ። ከዚያ ደግሞ «ቀን አለው!»። አጮልቄ ባይ ውሻው መስኮቴ ሥር ተኝቷል፤ አያ ክንዴ ወደዚያው እያየ ይጣራል።

የውሻውን ስም እየፈለገ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። በእኛ አገር ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት መናገር ያቃተውን ነገር የውሻው ስም ያደርገውና አጥር ሥር ቆሞ ሲጣራ ይውላል። የመቶ አለቃውም ውሻ እንዲህ ያለ ስም ይኖረዋል ብሎ የሰማውን ሁሉ እየሞከረ ነው። ግን የውሻ ስም መቼ ለውሻ ወጥቶ ያውቃል? አይቶኛል አልኩ። ዛሬ በውሻ አሳቦ፣ ነገ ለማዳም በግልጽ ሊናገር ነው አልኩ። የዓርብን ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደኝ አነጋሁት።

ቅዳሜ ቀደምኩት። ለማዳም፣ ክንዴ ውሻሽን መድኃኒት እያበላው ነው፣ ከብብቱ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ አልኳት። ማየቱንስ አይቻለሁ። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ግቢው ውስጥ አስጠርታ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ ሂድ፣ ነገም አትምጣ አለችው። አልገባውም። እሷን አየ፤ እኔን አየ። እኔ ድስት መፈተግ ጀመርኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ምን በደልኩ?» አለ።

ውሻው ብድግ አለ። ሰንሰለቱን እየጎተተ፣ እያለቃቀሰ፣ ጅራቱን እየቆላ መጥቶ ጉልበቱ ላይ ተለጠፈና እጁን ይልስ ጀመር። አያ ክንዴ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ፊቱ በራ። የሚጠራው እንዲህ ነው፣ መቶ አለቃው ያወጣለት ይኸ ነው እያለ በችኮላ ይነግራታል። ማዳም ግን ወደ ኋላ አፈገፈገች። ትናንት ጥርሱን ሲያሳይ የነበረ ውሻ ዛሬ እጅ ሲልስ ስታይ፣ የመድኃኒቱ ነገር እውነት ሆነባት። ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

ስሙን ነው የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እሷን ተናግሬ፣ ከብብቱ ያወጣውስ ምን ነበር ቢባል፣ ለምን ዋሸሽ ቢባል፣ ከዚያ ስኳሩ ቢመጣስ? ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

አያ ክንዴ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ውሻውን ቀስ አድርጎ ከጉልበቱ አላቀቀውና በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሌላ ሰው አልተገኘም። ሰኞ ማዳም ሰንሰለቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ከወጥ ቤት አጥንት እየጣልኩለት ለወር ያህል ደህና ሰነበትን፤ አንድ ቀን አራዳ ገበያው መሀል አመለጠኝ። ሬክስ ብል፣ ና ብል፣ ማን ይስማኝ። ሰው እየነከሰ ሊያጠፋኝ ነው። በመጨረሻ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «ምን በደልኩ! ምን በደልኩ!» እያልኩ ጮህኩ። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ውሻው ግን ወደ እኔ አልመጣም፤ ግንድ ተሸክሞ ወደሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ሄደ። አያ ክንዴ ነበር፤ ከስቷል፤ ጋቢውም የለም፤ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ብቻ ቀርቷል። ሸክሙን አውርዶ ሰንሰለቱን ያዘና አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እማዋይሽ እንዴት ናት ልለው ነበር፤ ሰንሰለቱን እጄ ላይ እየጠመጠምኩ ቀረሁ።

«አንቺስ ሌላ ስም አውጪለት፣ አባይነሽ» አለኝና ግንዱን ተሸክሞ ሄደ።