ቀይ ጨርቅ ላይ የተጠገነው መነጽሬ

ባለፈው ሳምንት ከአዳማ ወደ ቢሾፍቱ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ መነጽሯን በነጭ የቁስል ፕላስተር አስራው ነበር። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር መነጽሩ ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ይንሸራተታል፤ እሷም በአንድ ጣቷ ወደ ላይ ትገፋዋለች። እንዲህ ያለ መነጽር ያደረገ ሰው አንገቱን እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ። ሲስቅ እንኳ ተጠንቅቆ ነው። ሞጆ ላይ በመስኮት ከገዛችው ብርቱካን ስታካፍለኝ አመስግኜ ተቀበልኳት፤ ሐሳቤ ግን ዶሃ ሄዷል።

ያኔ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። አል ገራፋ በሚባለው የቪላ ሰፈር፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ እሠራ ነበር። ምግቡና ጽዳቱ የሌላ ሰው ሹግል ነው፤ የኔ ሥራ የአሠሪዬን የማዳምን እናት መጠበቅ ብቻ ነበር። ማማ ኡዳ እንላቸዋለን፣ ትልቋ እማማ እንደማለት። ማማ ኡዳ መርሳት ጀምረዋል። የገዛ ልጃቸውን በሌላ ሰው ስም ይጠራሉ፤ ምሳ በልተው የታጠቡት እጃቸው ሳይደርቅ «ምሳ የለም እንዴ ዛሬ?» ይላሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን «ቤቴ ልሂድ» ማለታቸው ነው። ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ቤታቸውን ይናፍቃሉ። በሩ ክፍት ከሆነ ደግሞ ይሄዳሉ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሩቅ አላይም። ያለ መነጽር ክንዴን ከዘረጋሁ ጣቶቼ እርስ በርስ ይቀላቀሉብኛል። መንገድ ላይ ሰላም ለሚለኝ ሰው ስለማልመልስ የሰፈራችን ሰው «ኩራተኛ» እያለ ያማኝ ነበር። ስለዚህ መነጽሬን እንደ ሕፃን ነበር የምንከባከበው። ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃና በጠብታ የዕቃ ሳሙና አጥበውና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አደርቀዋለሁ። በቀሚስ ጫፍ መጥረግ መስታወቱን እንደሚጭረው የገባኝ አንዱን መነጽር ካበላሸሁ በኋላ ነው። የዶሃ አየር ደግሞ ለመነጽር አይራራም። በነሐሴ ከቀዝቃዛው ቤት ወደ ግቢ ብቅ ሲባል መስታወቱ በአንድ ጊዜ ጉም ይለብሳል፤ ሰው በር ላይ ቆሞ ዓለም እስክትመለስለት ይጠብቃል። ላቡም ጨው ስለሆነ ብሎኖቹን ቀስ በቀስ እየበላ ያላላቸዋል።

ኮሮና ገብቶ ሱቁ ሁሉ በተዘጋበት ሰሞን፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ግራ ጆሮዬ ላይ የሚያርፈው ዘንግ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። ብሎኑ የት እንደወደቀ አላውቅም። መነጽር ቤት የለም፣ መውጣትም የለም። በፕላስተር ጠቅልዬ አሰርኩት። ሙቀቱ ግን ፕላስተሩን አቀለጠው፤ ማጣበቂያው ጸጉሬ ላይ እየቀረ መነጽሩ ይወርዳል።

አንድ ቀን አስቤዛ ያመጣው ሰው የጎኑን በር ሳይዘጋ ሄደ። ዞር ስል ማማ ኡዳ የሉም። ሮጥኩ። ከበሩ ስወጣ መነጽሬ ከፊቴ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ወደቀ፤ ጎንበስ ብዬ ሳነሳው መስታወቱ ደኅና ነው፣ ዘንጉ ግን ጨርሶ ተለያይቷል። በእጄ ልይዘው ብሞክር መስታወቱ ጉም ለብሷል፤ ቀና ብዬ ያለ መነጽር መንገዱን አየሁ። መንገዱ የለም። ነጭ ግንብ፣ ነጭ ሰማይ፣ ነጭ ሙቀት። ከሩቅ አንድ ጥቁር ነገር ግንቡ ስር ተቀምጧል፤ የማማ ኡዳ ዓባያ ነው ብዬ እየጮህኩ ሄድኩና እጄን ስዘረጋ የቆሻሻ ከረጢት ሆኖ አገኘሁት። መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል።

ምን እንደነገረኝ አላውቅም፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ካላየሁበት ምን ያደርግልኛል ብዬ ይሆናል። ጸጥ ብዬ ሳዳምጥ የአምባር ድምፅ ሰማሁ። ማማ ኡዳ ከጎረቤቱ ግንብ አጠገብ ባለው ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠው፣ አምባራቸውን እያሽከረከሩ ያንጎራጉራሉ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ዘገየሽ» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ።

ማዳም ስትሰማ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ካላየሽ እናቴን ማን ያይልኛል?» አለችኝ። «ሱቅ እስኪከፈት መጠበቅ አልችልም። ካልተስተካከለ ወደ ኤጀንሲው ልመልስሽ ነው።»

አል ሂላል የሚባል ሰፈር ውስጥ የምትሠራ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፣ ሶስና የምትባል። እሷ ጴንጤ እኔ ኦርቶዶክስ፣ ሁለታችንም ባለ መነጽር። ስልክ ደወልኩላት።

«ጌታ ይረዳሻል» አለችኝ። «ግን ብሎን ፈልጊ። ከሌላ አሮጌ መነጽር ንቀይ። ካስገባሽው በኋላ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጊበት፣ አይላላም።»

ማዳምን ጠየቅኳት። አንድ መስታወቱ የተሰበረ የባሏን የባባን የፀሐይ መነጽር ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ፤ የጥፍር ቀለሙንም አመጣልሻለሁ አለች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መጅሊሱ፣ የእንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ፣ ብርሃን የሚገባበት መስኮት ስር ተቀመጥኩ። ማማ ኡዳ ፊት ለፊቴ ናቸው፤ ቴምርና ሻይ ቀርቦላቸዋል። ሻይ ሲጠጡ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ፊንጃሉን ከግማሽ በታች ነበር የምሞላላቸው።

ካቻቪቴ ስለሌለኝ የጥፍር መሞረጃ ጫፍ ይዣለሁ። የባባን መነጽር ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ አፍንጫዬ ሊነካው እስኪደርስ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ብሎኑ ወለል ብሎ ታየኝ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጠው ነገር አናት ላይ ያለው ጭረት፣ ጭረቱ ውስጥ የገባው አቧራ ሳይቀር ታየኝ። ቀስ እያልኩ ስፈታው ወገቡ ላይ የተጠመጠመው ጥርስ ተራራ የሚዞር የመኪና መንገድ ይመስል ነበር። ሌላ ሰው ይህን ለማየት አጉሊ መነጽር ያስፈልገዋል። እኔ ባዶ ዓይኔን ብቻ! ዕድሜ ልኬን ያፈርኩበት፣ አውቶቡስ ያሳለፈብኝ፣ ኩራተኛ ያስባለኝ ዓይን ለካ እንዲህ ያለ ነገር ያውቃል። እጄ ላይ ያለውን ብሎን ትቼ የአውራ ጣቴን መስመሮች ሳይ ቆየሁ።

በመደነቄ መካከል ብሎኑ አምልጦኝ ወደቀ። እምነ በረድ ላይ አንዴ ጢን አለና ጠፋ።

ልነሳ ስል «እግርሽን እንዳታንቀሳቅሺ!» የሚል ድምፅ አስቆመኝ። ማማ ኡዳ ናቸው። እንዲህ ያለ የጸና ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ከአጠገባቸው ካለው ትራስ ላይ ቀዩን ልብስ ገፈፉ፤ ወለሉ ላይ ዘርግተው እጥፋቱን በመዳፋቸው አለሰለሱት። ከዚያ ወደ አየር ማቀዝቀዣው እያመለከቱ «ያንን ንፋስ ዝጊው» አሉ። በተቀመጥኩበት እጄን ዘርግቼ በሪሞት ዘጋሁት።

በጉልበታቸው ተንበርክከው መዳፋቸውን እምነ በረዱ ላይ አሳረፉ፤ ቀስ እያሉ፣ ሳይጫኑ፣ የተኛ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው ዳበሱት። ዓይናቸው መስኮቱን ነው የሚያየው። ድንገት እጃቸው ቆመ። የሌባ ጣታቸውን ጫፍ በምላሳቸው አረጠቡና አንዲት ነገር ለጥፈው አነሱ፤ ቀዩ ጨርቅ ላይም አኖሯት።

«ሉሉ» አሉ። ዕንቁ ማለታቸው ነው።

ቀዩ ላይ ብሎኗ እንደ ኮከብ ታበራለች። ዘንጉን ከመነጽሩ ጋር ገጥሜ ብሎኗን ላስገባ ስል ሁለት እጅ አልበቃኝም። ማማ ኡዳ ሳልጠይቃቸው መነጽሩን በሁለት ጣታቸው ያዙልኝ። ሻይ የሚያፈሱት እጆች! አንዳች አልተነቃነቁም፤ ድንጋይ ሆኑ። «አትተንፍሺ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሹዋይ ሹዋይ። ቀስ።» ትንፋሼን ይዤ ብሎኗን አዞርኳት። ሁለቴ አፈነገጠች፣ ከዚያ ጥርሷ ያዘ።

ቀና ስል በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ፊቱ አይታየኝም፤ በሽቶዋ ማዳም መሆኗን አወቅኩ። የጥፍር ቀለሙን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች።

«እማዬ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

«አባቴ ነዋ» አሉ ማማ ኡዳ። «ትንሿን የሚያገኛት የልጅ እጅ ነው ይለኝ ነበር። አንቺ ኑራ፣ ብርሃኑን ጋረድሽብን፣ ዞር በይ።»

ኑራ የማዳም ስም ነው። እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እናቷ በዚህ ስም ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም። መነጽሬን አደረግሁ። መጀመሪያ ያየሁት የማዳምን ፊት ነው፤ ሙሉ በሙሉ በእንባ ርሷል። ወለሉ ላይ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። አያቷ ዕንቁ ይነግዱ እንደነበር፣ እናቷም በልጅነታቸው ዕንቁ ከሚዘረጋበት ቀይ ጨርቅ ጫፍ ተቀምጠው ደቃቁን ዕንቁ ይለዩ እንደነበር ነገረችኝ። «ሲወራ እሰማለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም» አለች። ከዚያ የጥፍር ቀለሙን ራሷ ከፍታ ብሎኑ አናት ላይ አንዲት ጠብታ አኖረችልኝ።

ወደ ኤጀንሲ ስለመመለስ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ማዳም የተበጠሱ የአንገት ጌጦቿን ሰብስባ አመጣች፤ ጠዋት ጠዋት ቀዩ ጨርቅ ላይ ዘርግተን ማማ ኡዳ ይለዩታል። ፕላስቲኩን በጣታቸው እየነኩ «ይሄ ውሸት ነው» ብለው ይወረውሩታል። ከሰዓት በኋላ ያው «ቤቴ ልሂድ» ማለታቸው አልቀረም፤ የልጃቸውንም ስም ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ጠዋቶቹ ግን የእሳቸው ነበሩ። በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ ዞር ብለው አያዩትም።

ኮንትራቴን ጨርሼ ተመለስኩ፤ ዓመታትም አለፉ። አሁን ቢሾፍቱ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ፈረስ ጋሪ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ዘንድሮ እኔን እንደ እንግዳ «ተቀመጪ እንጂ» ማለት ጀምሯል። ጎረቤቶች ሲመጡ «ታስታውሰኛለህ?» እያሉ ያስጨንቁታል፤ እሱም አፍሮ ፊቱን ያዞራል። እኔ መጠየቁን ትቻለሁ። ሰው ውስጥ ያለው ሁሉ በጥያቄ እንደማይወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ትናንት በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከገበያ የገዛሁትን የቆዳ ልጓም ጭኑ ላይ አኖርኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጣቶቹ ቆዳውን አገኙት፤ አንድ ዙር በመዳፉ ጠመጠመው፣ ጀርባውን አቀና፣ በምላሱም ፈረስ እንደሚያስነሳ ሰው ድምፅ አሰማ።

«ያዝ አድርጊ ልጄ» አለኝ፣ «ዳገቱ ሊጀምር ነው።»