አያ ሙሔ ራሳቸውን ሲያወዛውዙ

ልጅ ሳለሁ ጅብ የሚኖረው ዱር ውስጥ ሳይሆን ከቀጭን ነገር ኋላ ይመስለኝ ነበር። ከመብራት ምሰሶ ኋላ፣ ከበሩ መቃን ኋላ፣ ጂዳ፣ ካራንቲና ሰፈር በተከራየናት ክፍል መሃል እናቴ ከዘረጋችው መጋረጃ ኋላ። ይህን ፍርሃት የተከሉብኝ አያ ሙሔ ናቸው፤ እስካሁንም የነቀለልኝ የለም።

አያ ሙሔ የእናቴ የአገር ሰው ነበሩ፤ ሁለቱም የወሎ ልጆች። መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ በብረት ርብራብ ላይ ቆመው የሆቴል ግድግዳ ቀለም ይቀቡ ነበር። ዓርብ እረፍታቸው ስለሆነ ሐሙስ ሐሙስ ጂዳ ወርደው እኛ ዘንድ ያመሻሉ። የምናመሸው ከቤታችን ጣሪያ ላይ ወጥተን ነው፤ ያኔ እዚያ መብራት ስላልነበረ እናቴ ፋኖሷን አብርታ፣ ከሰሉን አቀጣጥላ የሻይ በራዱን ትጥዳለች፤ የጎረቤት ልጆችም ምንጣፉ ላይ ይኮለኮላሉ፤ የባሕሩ ወበቅ ከጭሱ ጋር ተደባልቆ ዓይናችንን እያቃጠለን ተረታቸውን እንጠብቃለን።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። መንገደኛ ይመሽበታል፤ ጅብ ደግሞ ከአንድ ቀጭን ግራር ኋላ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቀዋል። «መንገደኛው አንድ ዓይን ብቻ ቢኖረው ግራሩን አይቶ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር» ይላሉ አያ ሙሔ። ከዚያ ሁላችንንም ጣታችንን ከአፍንጫችን ፊት ያስቆሙናል። ግራ ዓይኔን ስጨፍን ፋኖሷ ከጣቴ ኋላ ትሰወራለች፤ ቀኙን ስጨፍን ብቅ ትላለች። ሁለቱንም ስከፍት ጣቴ እንደ ጭስ ይሳሳና ፋኖሷ ሙሉዋን ትታየኛለች።

«አያችሁ? አንዱ ዓይን የተከለከለውን ሌላው ይሰርቅለታል። ሁለት የተሰጠን ለጌጥ አይደለም።»

መንገደኛውም በግራ ዓይኑ የጅቡን ጆሮ፣ በቀኝ ዓይኑ ጭራውን አይቶ ያመልጣል።

አያ ሙሔ ሲተርኩም ሻይ ሲቀዱም ራሳቸውን በቀስታ ግራና ቀኝ ያወዛውዙ ነበር። መንዙማ ያሳደጋቸው ሰው ናቸው፣ ከደማቸው አልወጣም ይላል ሰፈሩ። እኛም አብረናቸው እንወዛወዛለን፤ ያለዚያ ተረቱ ተረት አይመስለንም ነበር።

አንድ ሰሞን ዓይኔን ታመምኩና እናቴ ግራውን በፋሻ ሸፈነችልኝ። በዚያ ሐሙስ የሻይ ብርጭቆዬን ላነሳ እጄን ብሰድ አየር ጨበጥኩ። ልጆቹ ሳቁ። አያ ሙሔ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ራስሽን ወዝወዝ አድርጊ» አሉኝ። «የቀረበው ቶሎ ይሸሻል፣ የራቀው ይዘገያል።» እንዳሉኝ ባደርግ፣ እንደ ሥዕል ከበራዱ ጋር ተለጥፎ የነበረው ብርጭቆ ተላቆ ወደ ፊት መጣልኝ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል፣ አያ ሙሔ ለእናቴ ሊቀዱ በራዱን አንስተው ራሳቸውን ልክ እንደ እኔ ያወዛውዛሉ።

«አያ ሙሔ፣ አንቱም የሚያየው አንድ ዓይንዎ ነው?» አልኩ። የልጅ አፍ።

እናቴ ማራገቢያዋን አስቀመጠች። «እውነት ነው?» አለቻቸው።

እውነት ነበር። ቀኝ ዓይናቸው ኖራ ገብቶበት፣ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይምሰል እንጂ ብርሃኑ ከጠፋ ቆይቷል። «ከፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪ፣ ካወቀ በማግስቱ የመውጫ ኹሩጅ መትቶ ወደ አገር ይሸኘኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጆቼ የሚበሉት ከዚች እጅ ነው።»

«እና እዚያ ከፍታ ላይ ራስዎን እያወዛወዙ ሊረግጡ ነው?»

«እዚያማ ርብራቡ ራሱ ያወዛውዘኛል» ብለው ሳቁ።

እናቴ አልሳቀችም። «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቅዳሜ አይውጡ። አሠሪዬን መዳሜን ለምኜ መሬት ላይ ያለ ሥራ አፈላልግልዎታለሁ።»

«ይህቺን ሕንፃ ልጨርስና ኻላስ፣ በቃ። ኢንሻአላህ እወርዳለሁ።»

የዚያን ምሽት ማንም ሳይጠይቃቸው ተረቱን ጀመሩ፤ ግን መንገደኛው አንድ ዓይና ሆነ። ከሰሉ አመድ ለብሶ፣ ፋኖሷም እየደከመች ስለነበር ፊታቸው ግማሹ ብቻ ይታየኛል። ጅቡ ግራሩ ጋ ቆሟል፤ መንገደኛው እየቀረበ ነው።

«በላው?» አልኩ መታገስ አቅቶኝ።

«እየተወዛወዘ እስከሄደ ድረስ አይበላውም። ግራሩ ወዲያና ወዲህ ሲልለት ከኋላው ያለው ይጋለጣል። ክፉው ቀጥ ያለ ዕለት ነው።»

ከዚያ ለመሄድ ተነሱ። መጨረሻውን አልነገሩንም፤ እኔም እናቴ ጉያ ገብቼ ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ፋኖሷን አብርተን ጠበቅናቸው። በራዱ ተንተክትኮ ግማሽ ሲደርስ ደረጃውን የወጣው ግን አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ፣ አያ ሙሔ ከርብራቡ ወድቀው መሞታቸውን ነገረን። ሁለት ጣውላዎች ነበሩ አለ፣ አንዱ ከሌላው ዝቅ ያለ፤ ላየ ሰው አንድ ወለል ይመስላሉ። በሁለቱም እጃቸው የቀለም ባልዲ ስለያዙ፣ እንዳይፈስባቸው ቀጥ ብለው ነበር የሚራመዱት።

እናቴ «ኢና ሊላህ» ብላ ባለችበት ተቀመጠች። መካ ተቀበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ለመካ አፈር መብቃት መታደል ነው እያለ አጽናናን፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ዛሬም እናደዳለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን ለይቼ አላውቅም።

አሁን የምኖረው እዚሁ ጂዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ነው፤ ልጅም አለችኝ። አንዳንዴ መንገድ ላይ አንድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ እቆማለሁ፤ ያኔ ሕንፃውም ሰውም አንድ ግድግዳ ላይ የተሳለ ይመስለኛል፣ ከማን ኋላ ማን እንዳለ አይለይም። እኚያ ሰው ስንት ዓመት እንዲህ ባለ ሥዕል ላይ እየረገጡ ልጆች እንዳሳደጉ ሳስብ መዳፌን ከዓይኔ ላይ ቶሎ አነሳለሁ።

ተረቱን ለልጄ እነግራታለሁ። የምነግራት ሁለት ዓይን ያለውን መንገደኛ ነው፤ ያኛውን አልደፈርኩም። ባለፈው ሳምንት፣ «እማ፣ ስታወሪ ለምንድን ነው የምትወዛወዢው?» አለችኝ። ሁለቱም ዓይኖቼ ጤነኞች ናቸው። እስቲ ብዬ ቀጥ ብዬ ልተርክላት ጀመርኩ።

ግራሩ ጋ ስደርስ ፈራሁ።