ቅንፍ ውስጥ የቀረችው አራት

እናት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ቆማ ሠርታለች። እግሯ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ምኞቷ አንድ ብቻ ሆነ፤ ንብረት ክፍል ተዛውራ ተቀምጣ መሥራት። ለዚያ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ማለፍ አለባት። ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ የነገው ፈተና የመጨረሻ ዕድሏ ነው።

ከሥራ ገብታ አረፍ ከማለቷ ልጇ ደብተሩን ዘረጋችላት። «ሦስት፣ በቅንፍ ኤክስ ሲደመር አራት፤ ቅንፉን አስወግጂ» ይላል ጥያቄው።

እናት ብዙ አሰበችና «ሦስት ኤክስ ሲደመር አራት» ብላ ጻፈች።

«እማዬ! አራቷ ምን በድላሽ ነው ጥለሻት የምትሄጂው? ሦስቱ እሷንም ያባዛታል እኮ!»

«ኤክሱን ሳባዛ ጉልበቴ አለቀ፤ አራቷ እንኳ ትትረፍ።»

ልጅቷ ሳቀች። «እሺ፣ ለአንድ አልጋ ምን ምን ታወጫለሽ?»

«አንድ አንሶላ፣ ሁለት የትራስ ልብስ።»

«ለሦስት አልጋስ?»

«ሦስት አንሶላ፣ ስድስት የትራስ ልብስ። ምነው፣ በሽተኛ በባዶ ትራስ ላስተኛ ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ደብተሩ መለሰች። እርሳሱን አነሳች፤ አራቷን ሰርዛ አሥራ ሁለት ጻፈች።

«ቻልሽ እኮ!»

«ሌላ አምጪ። እጄ ካልለመደው ነገ ይጠፋብኛል።»

ልጇ አምስት ጥያቄ ጻፈችላት። እናት አራተኛው ላይ ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብላ አሸለበች። ልጅቷ ደብተሩን ከክንዷ ሥር ቀስ ብላ ስባ አየች። የሠራቻቸው ሦስቱም ልክ ነበሩ። አልቀሰቀሰቻትም።