እየወደቀ እንጀራ የበላው መሳፍንት

መሳፍንት ስንት ጊዜ እንደሞተ ራሱም አያውቀው። በቴሌቭዥን ድራማ ተመርዞ ሞቷል፣ ገደል ገብቶ ሞቷል፣ አንዴማ በሠርጉ ማግሥት ሞቷል። በካውቦይ ፊልም ግን አሟሟቱ አንድ ነው፤ በጥይት ተመትቶ ከፈረስ ይወድቃል። እንጀራው ይኸው ነው። ይህንን ሰው ነው እንግዲህ እንጅባራ «አዋረድከን» ብላ የተነሣችበት! እናንተን ነው የምለው፣ ማታ ማታ ቴሌቭዥን ላይ የምትጣዱትን!

ነገሩ የተጀመረው ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ሜዳውን ቴክሳስ ነው ብለው ካሜራ ተከሉ። ዋናው ተዋናይ ባለ ሰፊ ኮፍያ ጎረምሳ ነበር፤ ፈረሱ ላይ በግራ ወጥቶ በቀኝ ወረደ። መሳፍንት ቦራ የሚባል ፈረሱን እያጋጠ ቆሞ ያያል።

«መጋለብ ትችላለህ?» አለው ዳይሬክተሩ።

«የአዊ ልጅ አይደለሁ እንዴ?»

«መውደቅስ?»

ይኼን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ቢሆንም ተማረ። ሽጉጥ ስላልነበራቸው በተኩስ ፈንታ ጅራፍ ያጮኻሉ። ጅራፉ ሲጮኽ ቦራ ባለበት ቀጥ ይላል፤ መሳፍንት ደግሞ እጆቹን ዘርግቶ «እናቴን አደራ!» እያለ ይወረወራል። ፈረሱም ሰውየውም ለመዱት።

የመጀመሪያው ፊልም የታየ ለታ ጎረቤት ሁሉ እናቱ እትዬ ደጊቱ ዘንድ ለቅሶ ደረሰ። ሟቹ ራሱ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ ንፍሮ በላ። ጫግኒ ሲሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ይለቁለት ጀመር፤ «አረፍ በል፣ ትናንት ሞተህ የለ!» እያሉ።

ታዲያ የጥር ሃያ ሦስቱ የፈረስ በዓል ሲቃረብ ምን ተባለ? የሰፈሩ ፈረሰኞች አለቃ አያ እንግዳው መሳፍንትን ከፊት ረድፍ አወጡት፤ አባቱ እስኪሞቱ ከጋለቡበት ረድፍ! እሱ ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረውም።

«አገር እያየው የሚወድቅ ፈረሰኛ ከፊት አይሰለፍም» አሉ።

«አያ፣ ትወና እኮ ነው!»

«መሬቱ ትወና መሆኑን ያውቃል?»

ኧረ ተው! ፊልሙን ሲደግሙና ሲሠልሱ ያዩት ማን ሆነና? በሳቅ ጋቢያቸውን የጣሉትስ?

ሽማግሌዎች ገብተው «እስቲ ይጋልብና እንየው» ተባለ። መሳፍንት ሜዳው ላይ ቦራን ለቀቀው። የሚያምር ግልቢያ ነበር፣ እዚያው ነበርኩና እመሰክራለሁ፤ ሰዉ አፉን ከፍቶ ቀረ። በዚያው ቅጽበት አንድ ገበሬ በሬዎቹን ሊነዳ ጅራፉን አጮኸ። ቦራ ቀጥ! መሳፍንት አየር ላይ፤ «እናቴን አደራ!»

ሰዉ አጨበጨበ።

«አላልኳችሁም?» አሉ አያ እንግዳው።

«ጅራፍ ሲሰማ ይቆማል፣ አያ! አስለምጄው ነው!»

«ፈረስ ላይ አታሳብብ! አምጣው፣ ላሳይህ።»

ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጋለቡ። የገበሬው በሬዎች ግን አሁንም ፈቀቅ አላሉም፤ ጅራፉን ደገመው። አያ እንግዳው እጅ ሳይዘረጉ፣ አደራም ሳይሉ፣ በሬዎቹ የተዉት እበት ላይ በግንባራቸው ዐረፉ።

የሚወድቅ ከፊት አይሰለፍም ያሉት እሳቸው ናቸው። ሁሉም ወደ መሳፍንት ዞረ። አንድ ቃል ቢወረውር ሰውየው ለዘላለም ከኋላ ነበሩ። እኔ ብሆን እወረውር ነበር!

መሳፍንት ግን እየሮጠ ደረሰና እንደ ዳይሬክተር ጮኸ፦ «ካት! ግሩም ነው አያ! እንዲህ ያለ አወዳደቅ አይቼ አላውቅም!»

አያ እንግዳው ጢማቸውን ጠረጉ። ሰዉን ገላመጡ።

«ትወና እኮ ነው» አሉ ኮስተር ብለው። «የምር መስሏችሁ ነበር?»

ጥር ሃያ ሦስት ቀን መሳፍንት ከፊት ረድፍ ነበር፤ ከአያ እንግዳው ጎን። ሜዳው አካባቢ ጅራፍ የያዘ ሰው እንዳይደርስ ተከልክሏል። ከበሮው ሲመታ ሽማግሌው ወደ እሱ ዘንበል አሉ።

«እናቴን አደራ ማለት ነበረብኝ እንዴ?»

«በሚቀጥለው ቀረጻ ይላሉ፣ አያ።»

«እሺ። የኔው መቼ ነው የሚተላለፈው?»