ከመቀመጫው ጎን የወደቁት

እትዬ መርፌ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው መንዳት የተማሩት አምሯቸው አይደለም። ባለቤታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ዘንድሮ ዓይናቸው ከዳቸውና የመኝታ ቤቱን በር ከቁም ሳጥኑ መለየት አቃታቸው። ቤት ዋሉ። ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ዝም ይላሉ። ከሠላሳ ዓመት ወሬኛ ባል በኋላ ዝምተኛ ባል ያስፈራል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀሚስ ሲሰፉ የኖሩት ሴትዮ፣ "በቃ፣ ደጅ የቆመችውን መኪናችንን እኔ እነዳታለሁ" አሉ።

የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን አራት ጊዜ ወደቁ። አንዴ ወደ ኋላ ሂዱ ሲባሉ ወደ ፊት ሄዱ፤ አንዴ ደግሞ ለቆመ መኪና ቅድሚያ ሰጥተው እስኪሄድ ጠበቁት። ለአምስተኛው ፈተና ጎረቤት መኪናዋን ነድቶ አደረሳቸውና ወደ ሥራው በረረ። ባለቤታቸው ፈተና ጣቢያው በር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። እትዬ ካላለፉ ባልና ሚስት በእግር፣ መኪናዋ በግፊት ነው።

ፈታኙ ፊቱ የተተኮሰ ሸሚዝ ይመስላል፤ አንድም የፈገግታ መስመር የለበትም። ቢሆንም ነገሩ ሁሉ ሰመረ። አደባባዩን ዞሩ፣ ፍሬቻ አሳዩ፣ የሚሻገር ሰው አሳለፉ። የመኪናዋ ውስጥ ግን የጨርቅ ብናኝ ነው፤ ፈታኙ ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ አነጠሰ።

"ይማርዎ!" አሉ እትዬ።

ሰውዬው አፉን በእጁ አፈነና ጮኸ፤ "ወደቁ!"

እትዬ መርፌ ፍሬቻ አሳይተው ዳር ያዙና፣ "ምን አጠፋሁ? ይማርዎ ማለት ይጥላል እንዴ? ዝም ብልስ ባለጌ አይሉኝም?" አሉ።

"ወደቁ እኮ ነው የምለው!" ጣቱን ቁልቁል ቀሰረ።

"ውረዱ ነው? አልወርድም! መኪናዋ የራሴ ናት!"

ፈታኙ ጨነቀው። እጁን ከአፉ ቢያነሳ የላይኛው ድዱ ባዶውን ቀርቷል። "ጥርፎቼ" አለ ሊያለቅስ እየቃጣው፤ "የወደቁት ጥርፎቼ ናቸው።"

ሰው ሠራሽ ጥርሱ ሲያነጥስ ተስፈንጥሮ በመቀመጫውና በእጅ ፍሬኑ መሃል ገብቷል። ሰውዬው እጁን ሰደደ፤ እጁም እስከ ሰዓቱ ገብቶ ተቀረቀረ።

"አትጎትት ልጄ!" አሉ እትዬ። ድድ ከታየ ወዲያ አንቱታው ቀርቷል። ሰዓቱን ፈትተው እጁን አስለቀቁት። ከቦርሳቸው የኪሮሽ መርፌ አወጡ፤ ጫፉ ላይ ፕላስተር፣ የሚያጣብቀውን ወደ ውጭ አድርገው ጠቀለሉና ጠባቧ ክፍተት ውስጥ ሰደዱት። መጀመሪያ የሸሚዝ ቁልፍ ወጣ። ቀጥሎ ጠመኔ። ቀጥሎ ጠጉር ያበቀለ ከረሜላ። በአራተኛው ጥርሱ ተጣብቆ መጣ፣ ከነሙሉ ፈገግታው። እትዬ መርፌ የፈታኙን ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ በመዳፋቸው ላይ አዩት።

ፈታኙ ጥርሱን በውሃ አጥቦ አጠለቀው። "ለሰው እንዳይነግሩብኝ።"

"ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ። የስንቱን ወገብ አውቃለሁ፣ ለማን ተናገርኩ?"

"ያም ሆኖ ፈተናው ይቀጥላል" አለ ኮስተር ብሎ። እትዬም ወደ ኋላ ሄደው፣ ያውም በእውነት ወደ ኋላ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል አንዱንም ሳይነኩ አቆሙ። ፈታኙ ጊዜያዊ ፈቃዱን ፈርሞ ሰጣቸውና ወረደ።

ባለቤታቸው የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ተነሱ። መኪናዋን እየዳበሱ መጥተው፣ እጃቸው እንደለመደው የሹፌሩን በር ከፈተ።

"እዚህ ሰው አለ" አሉ እትዬ።

"አለፍሽ?"

"አለፍኩ።"

በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ዞረው በወዲያኛው በር ገቡ። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቀኝ እግራቸው ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ረገጠ። እትዬ አይተዋል፤ እንዳላዩ ሆነው አለፉት።

"የት ልውሰድህ?"

"የትም" አሉ ባለቤታቸው። "ብቻ የምታዪውን ሁሉ እየነገርሽኝ ንጂ።"